የጣና ዳር ሰዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግዳ ይዤ ከባሕር ዳር በጀልባ ስነሳ፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የሚጀመሩ ጥያቄዎች አሉ። «እዚህ የተወለደ ታዋቂ ሰው ማን አለ?» የሚለው ይቀድማል። ጥቂት እልፍ ስንል «ፈላስፋው የተቀበረው እዚህ ነው አሉ፤ እውነት ነው?» ይከተላል። ተማሪዎችም ለቤት ሥራ ይጠይቁኛል። በሞተር ድምፅ ላይ ስጮህ ከምውል ብዬ መልሱን እዚህ ጻፍኩት። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባሕር ዳር የተወለዱ ታዋቂ ሰዎች እነማን ናቸው?

ይህ ጥያቄ ከተማዋን ያለ ዕድሜዋ ያስረጃታል። ባሕር ዳር እስከ ጣልያን ወረራ ድረስ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተቀመጠች ትንሽ መንደር ነበረች። ጣልያን በጦር ካሳ ያሠራችው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1961 መጣ፤ በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው ፖሊ ቴክኒክ በ1963 ተከተለ። ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶችም የዚያው ዘመን ፕላን ውጤት ናቸው። እንግዲህ በእንዲህ ያለች ከተማ የሦስት መቶ ዓመት የትውልድ መዝገብ መፈለግ ልፋት ነው።

ሐይቁ ግን ሌላ ነው። በጣና ዙሪያ ሰው ይወለዳል፣ ይማራል፣ ከንጉሥ ቁጣ ይሸሸጋል፣ ይመንናል፣ ይቀበራል። ስለዚህ «ማን ተወለደ?» ለሚለኝ «ማን መጣ? ማንስ ቀረ?» ብለህ ጠይቀኝ እለዋለሁ። ከዚህ በታች ያሉት አብዛኞቹ መልሶች በዚሁ መንገድ የተሰጡ ናቸው።

አለቃ ገብረ ሐና የጎንደር ናቸው ወይስ የጣና?

የሁለቱም። የተወለዱት ከሐይቁ በስተምሥራቅ፣ ፎገራ ውስጥ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ ነው። ጎንደር ላይ አስተምረዋል፤ በዐፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ዘመን ደግሞ ቤተ መንግሥት ድረስ የሚያስገባ ስም ነበራቸው። ሕዝቡ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልበል፤ በእሳቸው ስም ከሚወራው ቀልድ ስንቱ የእሳቸው እንደሆነ መለየት ከባድ ነው። በአገራችን ባለቤት ያጣ ቀልድ ሁሉ ለአለቃ ይሰጣል፤ እሳቸውም ከሞቱ በኋላ ሲቀልዱ ይኖራሉ።

ለእኔ ትልቁ ሥራቸው ሌላ ነው፤ ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» የምንለው የቤተ ክርስቲያን ዝማሬና ሽብሸባ ስልት። አለቃ በጣና ደሴቶች ገዳም በነበሩበት ጊዜ የሐይቁን ማዕበልና ማዕበሉ ወዲያና ወዲህ የሚያወዛውዘውን ደንገል፣ የውሃ ዳሩን ረጅም ሣር፣ እየተመለከቱ የዝማሜውን ስልት እንዳወጡ ይነገራል። ይህን የምታምነው ጀልባ ላይ ሆነህ ነው። ማለዳ ላይ ነፋሱ ቀስ ብሎ ሲነሳ ደንገሉ በአንድነት ወደ ግራ ዘንበል ይላል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ደግሞ ወደ ቀኝ ይመለሳል። ቀጥሎ በጥምቀት መሪጌቶቹን መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ሲያሸበሽቡ እያቸው። አንገትና ትከሻ ያንኑ ዓይነት መዘግየት አለው።

ስሙ «የገብረ ሐና አቋቋም» ሳይሆን «የተክሌ» የሆነው፣ ስልቱን ተቀብለው ያስፋፉት ልጃቸው ተክሌ ስለሆኑ ነው። ነባሩን ስልት የያዙት የጎንደር ሊቃውንት መጀመሪያ ላይ በደስታ አልተቀበሉትም ይባላል። ስልቱ የጸናው ደብረ ታቦር ላይ ነው፤ ዛሬም የተክሌን አቋቋም መማር የፈለገ ወደዚያው ይሄዳል።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ደራሲ የዘጌ ልጅ ናቸው መባሉ እውነት ነው?

እውነት ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1868 የተወለዱት ዘጌ ነው፤ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ከሚያስኬደው፣ ቡናና ደን ከሸፈነው ልሳነ ምድር። በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት መጽሐፍ ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። «ጦቢያ» የሚለው ስም የዋናዋ ባለታሪክ ነው፤ አንባቢ ለመጽሐፉ ሰጠውና በዚያው ጸና። ርዕሱ ደግሞ ባክኖ አልቀረም፤ ዛሬ የፈጠራ ታሪክን ሁሉ የምንጠራው «ልብ ወለድ» ብለን ነው። ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ አገር ለአገር የምትዞር ልጅ ናት። ይህን የሰሙ ተማሪዎች ሁልጊዜ «በዚያን ጊዜ?» ይላሉ። አዎ፣ በዚያን ጊዜ።

ሰውየው ግን እንደ መጽሐፋቸው ለስላሳ አይደሉም። ሥዕል ሊማሩ ወደ ቱሪን ተላኩ፤ ተመልሰው የእንጦጦን አብያተ ክርስቲያናት በሥዕል አስጌጡ። በኋላ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄዱና በዐድዋ ጦርነት ጊዜ ከጣልያን ወገን ቆሙ። ኔፕልስ ላይ አማርኛ አስተማሩ፣ የአማርኛ ሰዋስው ጻፉ፣ በ1909 የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ አሳተሙ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ነጋድራስ ሆኑ፤ ከሁለተኛው የጣልያን ወረራ በፊትም ሮም ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት ጉዳይ ፈጻሚ ነበሩ። ጣልያን አገር ሲይዝ ደግሞ አብረው ተሰለፉ፤ «አፈ ቄሣር» የሚል ማዕረግም ተቀበሉ። ከነፃነት በኋላ ተፈርዶባቸው ጅማ በግዞት ሳሉ በ1947 ዐረፉ።

ዘጌ ላይ ስለ እሳቸው ሳወራ ከእንግዶቹ አንዱ «እንዲህ ያለውን ባንዳ ለምን ታነሳዋለህ?» ያለኝ ጊዜ አለ። ለምን አላነሳም? አማርኛቸው ይነበባል፣ ሥራቸውም ይወቀሳል። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

ዘጌ ላይ ቡና የተከለው ማነው?

አፈ ታሪኩ የሚሰጠው ለአቡነ በትረ ማርያም ነው፤ በ14ኛው መቶ ዘመን ዘጌን ገዳም ላደረጉት አባት። በትራቸውን ሰባብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። (ስማቸው በትረ ማርያም መሆኑን ልብ ይሏል።) በገዳሙ ሥርዓት ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም፣ መሬቱም አይታረስም፤ ደኑ የቆየው በዚህ ነው። አቡነ በትረ ማርያም በዘመናቸው በጣና ዙሪያ ከመነኑት ሌሎች አባቶች ጋር «ሰባቱ ከዋክብት» ከሚባሉት ይቆጠራሉ። የክብራኑ አባ ዘዮሐንስና የገሊላው አባ ዘካርያስም ከእነሱ ናቸው።

ወለተ ጴጥሮስ ማን ናት? ለምን ይህን ያህል ይወራላታል?

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ከመኳንንት ቤተሰብ ተወለደች፤ ያገባችው የዐፄ ሱስንዮስን ባለሟል መልክአ ክርስቶስን ነው። የወለደቻቸው ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞቱ። ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ሲያዘነብሉ አገር ተከፈለ፣ ጦርነትም ተነሳ፤ ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ተገደሉ። ባሏ ከገዳዮቹ ወገን ነበር። ይህን ስታውቅ ቤቷን ጥላ ወጣች፣ ራሷን ተላጭታ መነኮሰች።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የተሸሸገ ሰው ታሪክ ሳይሆን የተሟገተ ሰው ታሪክ ነው። ከአንዱ አገር ወደ ሌላው እየዞረች የንጉሡን ሃይማኖት እንዳይቀበሉ ሰበከች፤ ተይዛ ንጉሡ ፊት ቀረበች፣ ወደ ሱዳን ጠረፍ ተጋዘች። እሷን ብለው የተከተሏት ሴቶችና ወንዶች ሲበዙ በጣና ዙሪያ ማኅበራት አቋቋመች። ከሁሉ የምትቀርባት ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ ነበረች፤ ከወለተ ጴጥሮስ በኋላም ማኅበሩን የመራችው እኅተ ክርስቶስ ናት። ሱስንዮስ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀው የቀድሞው ሃይማኖት ሲመለስ ወለተ ጴጥሮስ ገና በሕይወት ነበረች። ያረፈችው በ1642 ነው፤ መታሰቢያዋም ኅዳር 17 ነው።

ገድሏን ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ የጻፈው በ1672፣ ከሞተች ከ30 ዓመት በኋላ፣ የሚያውቋት ሰዎች ገና ሳሉ ነው። ስለዚህ ገድሉ ተአምር ብቻ አይደለም። የታመመች፣ የተቆጣች፣ ከሰው ጋር የተጣላች ሴት በውስጡ ትታያለች። ምሥራቁ ዳርቻ ላይ ያለችው ቆራጣ የእሷ ስም ከሁሉ በላይ የሚነሳባት ቦታ ናት። ባሕር ዳር ከመከተሟ በፊት የሐይቁ ትልቅ የንግድ ከተማ ቆራጣ እንደነበረች ዛሬ ሄዶ ለሚያያት ማመን ይከብደዋል።

ዳጋ እስጢፋኖስ የተቀበሩት ነገሥታት እነማን ናቸው?

አምስቱ የሚጠሩት ይኩኖ አምላክ፣ ዳዊት፣ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ዘድንግልና ፋሲለደስ ናቸው። ይኩኖ አምላክ በ1270 የሰሎሞናዊውን ሥርወ መንግሥት የመለሱ፣ ፋሲለደስ ደግሞ ጎንደርን የመሠረቱ ናቸው፤ በመካከላቸው አራት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዘመን አለ። አፅማቸው በዕቃ ቤቱ ውስጥ በሣጥን ተቀምጧል፤ የተወሰኑት በመስተዋት በኩል ይታያሉ። ሁሉም እዚህ አልሞቱም፤ የመጡት ደሴት ስለሆነ ነው። ውሃ የከበበው ቦታ ከዘራፊም ከጦርም ይጠብቃል። ንዋየ ቅድሳትና ብራና በጣና የበዙትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዳጋ ያረፈው ዘርዓ ያዕቆብ ፈላስፋው ነው?

አይደለም። ዳጋ ያሉት ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። «ሐተታ» የተባለው የፍልስፍና መጽሐፍ በስሙ የሚጠራለት ዘርዓ ያዕቆብ ከእሳቸው አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ገደማ ዘግይቶ፣ በ1599 አክሱም አጠገብ እንደተወለደ መጽሐፉ ይናገራል።

ነገር ግን ጠያቂው ሙሉ በሙሉ አልሳተም፤ ፈላስፋውም የጣና ጎረቤት ነው። በመጽሐፉ መሠረት ከስደቱ በኋላ የኖረው እንፍራዝ ነው፣ ከሐይቁ በሰሜን ምሥራቅ በኩል። እዚያ ሀብቱ በሚባል ባለጠጋ ቤት ጽሕፈት እየጻፈ ኖረ፣ አገባ፣ ልጅ ወለደ፤ ተማሪው ወልደ ሕይወትም የዚያው ልጅ ነው። ሊቃውንት ግን እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። አንዳንዶቹ መጽሐፉን የጻፈው በ19ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያ የኖረው ጣልያናዊ ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ይላሉ፤ ሌሎቹ ይህን አይቀበሉም። እኔ ጀልባ ላይ ሁለቱንም እናገራለሁ። ጠበቃ መሆን ሥራዬ አይደለም።

በሐይቁ ላይ የሞተ ንጉሥ አለ?

አለ። ታላቁ ኢያሱ፣ የጎንደሩ፣ በልጃቸው በተክለ ሃይማኖት ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ በ1706 በጣና ደሴት ላይ ተገደሉ። የተቀበሩት በሰሜን በኩል ባለችው ምጽራሃ ደሴት ነው።

የአባይን ምንጭ መጀመሪያ ያየው ማነው?

የሰከላ ገበሬ። ይህን ስል ሁሉም ይስቃል፤ እኔ ግን እየቀለድኩ አይደለም። ምንጩ ያለበት፣ የሰከላው ግሽ ዓባይ ጸበል የሚጠመቁበት ቦታ እንጂ ጠፍቶ የተገኘ ነገር አልነበረም።

ከአውሮፓውያን ቀድሞ ደርሶ የጻፈው ግን ፔድሮ ፓኤዝ ነው፤ ሚያዝያ ወር ውስጥ፣ በ1618። ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ነበር፤ አማርኛና ግዕዝ ተምሮ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ተወዳጀ፣ ጎርጎራ ላይም የድንጋይ ቤተ መንግሥት አሠራላቸው። በ1622 እዚያው ጎርጎራ በንዳድ ሞተ። በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ግቢ ያለውን የድንጋይ ግምብ ሰው የእሱ ሥራ ያደርገዋል። ጢስ ዓባይ አጠገብ ያለውን የአላታን ድልድይም እንዲሁ፤ ይህኛው ግን አይሆንም። ድልድዩ የተሠራው በ1626 አካባቢ ነው፣ ፓኤዝ ከሞተ በኋላ።

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ «የመጀመሪያው እኔ ነኝ» ብሎ የፓኤዝን ታሪክ አጣጣለው። በር ላይ ተቀርጾ የምናየው ፊት ታዲያ የማነው? በናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን መግቢያ ላይ ያለውን ቅርጽ የብሩስ ነው ይሉታል። ማረጋገጫ ስላላየሁ «ይባላል» ብዬ አልፋለሁ።

ናርጋ ሥላሴን ያሠራው ንጉሥ ማን ነበር?

ንጉሥ አይደለም፤ ንግሥት ናት። እቴጌ ምንትዋብ፣ የቋራ ተወላጅ፣ የዐፄ በካፋ ባለቤት። ባሏ ከሞተ በኋላ ለልጇ ለዳግማዊ ኢያሱ፣ ቆይቶም ለልጅ ልጇ ለኢዮአስ አገር ያስተዳደረችው እሷ ናት። ናርጋ፣ ደቅ ደሴት ላይ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን የተሠራ ነው። ከውስጥ ከሥዕሎቹ አንዱ ላይ እሷ ራሷ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ትታያለች። ያሠራ ሰው በሥዕሉ ውስጥ ትንሽ ሆኖ መግባቱ የተለመደ ነው፤ የእሷ ልብስና ጌጥ ግን ትንሽ አይደለም።

ሐዲስ ዓለማየሁ፣ በዕውቀቱ ስዩምና እጅጋየሁ ሽባባው የባሕር ዳር ናቸው?

ሦስቱም የጎጃም ናቸው፣ የባሕር ዳር ግን አይደሉም። ሐዲስ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ በዕውቀቱ ከማንኩሳ፣ ጂጂ ከቻግኒ። ባሕር ዳር የክልሉ ዋና ከተማ ስለሆነች ሁሉን ወደ ራሷ ትስባለች።

አውሮፕላን ማረፊያው በማን ስም ነው? ሰውየው የከተማው ተወላጅ ነው?

በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ነው፤ ቀድሞ ግንቦት 20 ይባል ነበር። አንድ ክፍለ ከተማም በስማቸው ይጠራል። በላይ ዘለቀ ጣልያንን የተዋጉት ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ በብቸና በኩል ነው። ከድል በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጋጭተው በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። የባሕር ዳር ተወላጅ አይደሉም፤ ግን ማንም እንግዳ ከአውሮፕላን ሲወርድ መጀመሪያ የሚያነበው የእሳቸውን ስም ነው።

ጃንሆይ ባሕር ዳር ኖረዋል?

ይመጡ ነበር እንጂ አልኖሩም። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ያለው ቤተ መንግሥት በ1960ዎቹ ለእሳቸው የተሠራ ነው። ዋና ከተማውን ወደ ባሕር ዳር ሊያዛውሩ አስበው ነበር የሚባለውን አዛውንቶች ዛሬም ያወሩታል። ኮረብታው ላይ ሲወጡ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲታጠፍ ይታያል፤ ምሽት ላይ መውጣት ይሻላል።

ስማቸው የማይነሳ ሰዎችስ?

ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት እነሱ ናቸው፤ ሐይቁን ከማንም በላይ ያውቁታል፣ በታሪክ መጻሕፍት ግን በስም የተጠራ ሰው ከእነሱ አይገኝም። አንድ ነገር ልንገርህ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 «ራ» የተባለችውን የደንገል መርከብ ሠርቶ አትላንቲክን ሊያቋርጥ ሲነሳ ደንገሉ የመጣው ከጣና ነበር። የመጀመሪያዋ መርከብ ከመድረሷ በፊት ተበታተነች፤ ሁለተኛዋ በ1970 ባርቤዶስ ደረሰች። የሄየርዳል ስም በዓለም ታወቀ፤ ደንገሉን ያጨዱት ሰዎች ስም የትም የለም።

ሴቶች እነዚህን ቦታዎች ማየት ይችላሉ?

ሁሉንም አይደለም። ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ ደቅ ላይ ናርጋ ሥላሴ ይገባል። የወንድና የሴት ቡድን ከሆናችሁ ጀልባውን ስትዋዋሉ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ካልሆነ ግማሹ ሰው ጀልባ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ፀሐዩም ይመታዋል።

አንድ ቀን ብቻ ቢኖረኝስ?

ዘጌ በቂ ነው፤ በመመለሻ የዓባይን መውጫ ታያለህ። ዳጋና ናርጋ ሩቅ ናቸው፤ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ መነሳት ይጠይቃሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ማዕበሉም ያስቸግራል። ናበጋ ጊዮርጊስ ከፈለግህ ደግሞ ጀልባውን ተወውና በመኪና ወደ ፎገራ ውጣ።